የድኩላው ቢላዋ ተራ፤ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም

ረቡዕ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደሴ

ጦሳ ተራራ ገና ጉሙን አላወለቀም። እኔ ሌሊቱን ሊጥ ሳቦካ አድሬ፣ ከምድጃው ሙቀት በቀጥታ ጭነት መኪና ላይ ተሰቅያለሁ፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ዳቦ ጋጋሪ መሆን በዚህ ዘመን ያሳፍራል። አገር ከስቶ የእኔ ጉንጭ ሞልቷል። ከመናኸሪያው አጥር ሥር ከቆላ ተሰደው የመጡት ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊቴን የማዞርበት ይጠፋኛል።

የምሄደው ወደ እህቴ ነው። አስናቀች መካነ ሰላም አጠገብ ወልዳለች። ወሬውን ያመጣልኝ የበግ ነጋዴ "ወንድ ነው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት" ካለኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን ጡቷ ደርቋል። ቶሎ ብትደርስላት ይሻላል" አለኝ። ባሏ እህሉ ሁለት ክረምት ሲከዳው ለጥጥ ለቀማ ተንዳሆ ወርዶ እስካሁን ድምፁ አልተሰማም። የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው።

አሠሪዬ እትዬ ሙሉ ቁጣ ሲጀምራቸው የሚመልሳቸው የለም፤ ፈቃድ ስጠይቃቸው ግን፣ "ሂድ አንተ! እህት ከዳቦ አትበልጥም እንዴ?" ብለው ዱቄትና በሶ አሲዘው፣ በላዩ ላይ ቅቤ በጣሳ ጨመሩልኝ። ቅቤ እንዲህ በጠፋበት ጊዜ ማለት ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። እግዜር በእጥፍ ይክፈላቸው።

መኪናው የእርዳታ ስንዴ ጭኖ እስከ አቀስታ ይሄዳል። እኛ ተሳፋሪዎቹ ከጆንያው ላይ ተደርድረናል። ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ ጋሼ ተፈራና ስንዴውን የሚጠብቅ አንድ ወታደር አሉ። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ የያዘው ጠመንጃ አዲስ፣ ሰደፉ የሚያብረቀርቅ።

ረፋድ ላይ፤ ከጉጉፍቱ ወዲያ

መንገዱ ሜዳውን ጨርሶ የገደሉን አፍ ይዞ ይሄዳል። በስተግራ ታጭዶ ያለቀ የሚመስል ግን ጭራሽ ያልበቀለ የገብስ ማሳ፤ በስተቀኝ ዓይን የማይጨርሰው ገደል። መኪናው ውሃ ሲፈላበት ጋሼ ተፈራ አቁመው ወረዱ፤ እኛም እግራችንን ልናፍታታ ወረድን።

ከገደሉ ማዶ ቋጥኝ ላይ አንዲት ሰስ ቆማለች። ሰስ ትንሽ የገደል ፍየል መሳይ አውሬ ናት፤ ከዚህ ሆኖ ለሚያያት ጭብጥ አትሞላም። ወታደሩ ቀስ ብሎ ተንበረከከና አነጣጠረ። አንድ ጥይት ነው የተኮሰው። ሰሷ እዚያው ክልትው አለች።

"እጅህ ይባረክ!" ብለን ሁላችንም ጮህን። ሥጋ ከቀመስን የቆየን ሰዎች ነን፤ እኔ እንኳ ምራቄን ዋጥኩ። ከእኔ ጎን የነበሩ አንዲት አሮጊት ግን ጠየቁ።

"ማን ደርሶ ሊያርዳት ነው ልጄ?"

እውነት ነው። ገደሉን ወርዶ ማዶውን ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰሷ ደግሞ በጥይቱ ሞታለች። ቢላዋ ሳያገኛት፣ የእግዜር ስም ሳይጠራባት የሞተች እንስሳ በክት ናት፤ ለክርስቲያንም ለእስላምም አትሆንም። ወታደሩ ራሱን አከከ። "መምታቱን እንጂ ማረዱን መቼ አሰብኩት" አለ። ሊስቅ ፈልጎ አቃተው።

መኪናው ሲነሣ፣ ከገደሉ ሥር ካለው ጥሻ ሁለት ሰዎች ወጥተው ወደ ቋጥኙ ሲጎተቱ አየን። ከስተዋል፤ አንዱ በሌላው ትከሻ ነው የሚሄደው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ "አንያቸው። ረሃብ ሕግ የለውም" አሉ። ሁላችንም ፊታችንን ወደ መንገዱ መለስን።

ከሰዓት በኋላ፤ አቀስታ

የአቀስታን ብርድ ከደሴ ብርድ ጋር ሲያስተካክሉት የሰማሁ እንደሆነ ከእንግዲህ እጣላለሁ። ገበያው ስሙ ብቻ ነው የቀረው፤ ጥቂት ቁና ባቄላ፣ አንድ ሁለት የከሱ በጎች፣ ሻጭ ከገዥ የሚበልጥበት። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ሰው ራዲዮ ከቦ ቆሟል። ንጉሡ ከወረዱ ገና ብዙ አልቆየም፤ የሰልፍ ሙዚቃና "ኢትዮጵያ ትቅደም" እየተፈራረቁ ይወጣሉ። አንድ ሽማግሌ አዳምጠው አዳምጠው፣ "የወረደው ወርዷል፤ ዝናቡስ መቼ ነው የሚወርደው?" ብለው ሄዱ።

ባለ ሻይ ቤቱ የአራስ ስንቅ ይዤ እንደምጓዝ ሲሰማ የሻዩን ሳንቲም መለሰልኝ። ወደ መካነ ሰላም አሞሌ ጨው ከሚወስዱ ነጋዴዎችም ጋር አገናኘኝና ዱቄቴን አህያቸው ላይ ጫንኩ።

ሐሙስና ዓርብ፤ በእግር

መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ካለቀ በኋላም ሽቅብ ነው። የጓሳ ሣር፣ ድንጋይ ካብ፣ ብቻውን የቆመ የጅብራ ዛፍ፣ ከዚያ እንደገና ጓሳ። ነጋዴዎቹ እየተራመዱ ያወራሉ፤ እኔ እየተነፈስኩ አዳምጣለሁ። "ይሄ የዳቦ ሆድ ነው የሚከብድህ" ይሉኛል። አልተሳሳቱም።

ሐሙስ ማታ ያደርነው አያ እንድሪስ ከሚባሉ ገበሬ ቤት ነው። የቤቱ እራት ንፍሮ ባቄላ ነበር፤ እሱም ለቤተሰቡ የማይበቃ። እኛ ስንገባ ሚስታቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ንፍሮውን እንደገና ከፋፈሉት። እምቢ ብል አያ እንድሪስ፣ "አብሽር፤ የመንገድ ሰው የአላህ እንግዳ ነው" ብለው እጄን ይዘው ሰሃኑ ላይ አደረጉት። ጠዋት ከበሶዬ ከፍዬ ሳስቀምጥላቸው ተቆጡ። ነጋዴዎቹ ሲማልዱልኝ ነው የተቀበሉኝ። ያንን ንፍሮ በልቼ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም፤ የጠገብኩትን ያህልም ጠግቤ አላውቅም።

ዓርብ አመሻሽ፤ ከመካነ ሰላም በታች

"የደሴ ድልብ መጣ!" አሉ ጋሼ ይመር፣ የእህቴ አማት፣ በሩ ላይ ሲያዩኝ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልዳቸው አልከሳም እንጂ እሳቸውስ ከስተዋል።

አስናቀች መደብ ላይ ተኝታለች። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረችና ተወችው። ጉንጯ ገብቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሕፃኑ ከጎኗ ነው፤ አያለቅስም፤ አፉን ብቻ ይከፍታል፣ ይገጥማል። ያለቅስ ነበር፣ ሰሞኑን ተወ አለችኝ። እኔ ዱቄቱን ከጆንያው ማውጣት ጀመርኩ።

ያኔ አንዲት ወጣት ሴት የራሷን ሕፃን በጀርባዋ አዝላ ገባች። ሰላም ብላኝ፣ የእህቴን ልጅ አንሥታ፣ ዘወር ብላ ማጥባት ጀመረች። ዘይነብ ትባላለች፤ የጎረቤቱ የአያ ሰይድ ልጅ ናት። ለወሊድ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ሴት ልጅ ወልዳለች። ከሳምንት በላይ ሁለቱንም ልጆች የምታጠባው እሷ ናት።

"ለስንት ጊዜ ትችላለች?" ብዬ ጋሼ ይመርን ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"እሷም እየነጠፈች ነው" አሉኝ። "ያመጣኸው ገንፎ ይሆናል፤ እግዜር ይስጥልን። ጡት የሚያወርደው ግን መረቅ ነው። በግ እንዳትለኝ፤ በግ ካየን ቆየን። ነገ ደንቆሮ ጫካ እንወርዳለን።" ይህን ብለው ከግድግዳው ላይ ጠመንጃቸውን አወረዱ።

ጠመንጃ ካሉት ነው። ከእኔ ቁመት ይረዝማል፤ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር በጠፍር ታስሯል። ጥይት የለውም፤ ባሩዱ በአፈሙዙ ተጨምሮ፣ ጨርቅ ተጎስጉሶ፣ እርሳሱ ከላይ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። በአያታቸው ጊዜ የነበረው በክር እሳት ይለኮስ ነበር፤ ይሄኛው "ዘመናዊ" ነው፣ መዶሻው የሚመታት ትንሽ የነሐስ ቆብ አለችው አሉኝ። ቆቧ ካለቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ጋሼ ይመር በምትኩ የክብሪት ራስ ፍቀው ይሞሉበታል። አዲሱ መንግሥት ጠመንጃ ሊቆጥር ነው ይባላል ብላቸው፣ "ይሄንን ምን ብለው ሊቆጥሩት? ከብትር ወይስ ከጠመንጃ?" አሉ።

ባሩዱን ይዞ የመጣው አያ ሰይድ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጢሙ ገብስማ። ከሰልና ድኝ ወቅጦ፣ ከዋሻ ግድግዳ የሚፋቀውን ጨው ቀምሞ ባሩድ የሚሠራው እሱ ነው። ድኝ ከገበያ ስለጠፋ በባሩድ መያዣው ቀንድ ውስጥ የቀረው ለአንድ ተኩስ የሚበቃ ብቻ ነው። ሁለቱ በዚህ ጠመንጃ ከጉልምስናቸው ጀምረው አብረው አድነዋል። ሕጋቸው ቀላል ነው፤ ተኩሱ ሁልጊዜ የጋሼ ይመር፣ ቢላዋው በተራ። አንዱ ድኩላ በስመ አብ ተብሎ ይታረድና የክርስቲያን ሥጋ ይሆናል፤ ቀጣዩ በቢስሚላህ ታርዶ የእስላም ሥጋ ይሆናል። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ቀንዱን ወይም ቆዳውን ይወስዳል። ተራው ተዛንፎ አያውቅም።

"የነገው የማን ነው?" አልኩ።

አያ ሰይድ እሳቱን ቆሰቆሰ። "የሰይድ" አሉ ጋሼ ይመር።

እህቴ የእስላም ሥጋ አፏ እንደማታስገባ አውቃለሁ፤ ብትሞትም። "ለአሁኑ እንኳ..." ብዬ ልጀምር ስል ጋሼ ይመር ክንዴን ጨበጡት።

"ዝም በል! ተራ አይለመንም። የሱም ልጅ አራስ ናት።"

ዘይነብን ሳያት አፈርኩ፤ እንደራሴ ልጅ የምሳሳለትን የእህቴን ልጅ በእቅፏ ይዛ እያንጎላጀች ነበር።

ቅዳሜ፤ ደንቆሮ ጫካ

ጫካውን ደንቆሮ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን ሁሉን የሚሰማ ነው የመሰለኝ። የአስታና የኮሶ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ከግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ቅጠል ብረግጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው ያፈጡብኛል።

መንገድ ላይ ስለ ወታደሩ ሰስ አጫወትኳቸው። አያ ሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "የሩቁ ጠመንጃ ሥጋውን ለአሞራ ነው የሚያርደው" አለ። "የእኛው ካልተጠጉ አይመታም። ከተጠጉ ደግሞ ቢላዋ ይደርሳል።"

ሥራዬን ሰጡኝ። ድኩላው ማልዶ ውሃ ጠጥቶ በሸለቆው ይመለሳል፤ እነሱ ከላይ መውጫውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ እኔ ከታች እየጮህኩ አባርራለሁ። "ዳቦ አረረ ሲሉህ እንደምትጮኸው ጩህ" አሉኝ ጋሼ ይመር። እንደተባልኩት ጮህኩ። እየጮህኩ በቁጥቋጦው መሀል ስወጣ አንድ ቀይ ነገር ከፊቴ ብድግ ብሎ ወደ ላይ ተፈተለከ። ጀርባው ላይ ነጭ ነጥብ ያለበት፣ ቀንደ ጥምዝ ወንድ ድኩላ ነው።

ቀና ስል ጋሼ ይመር ከአስታው ሥር ተንበርክከዋል። ድኩላው አጠገባቸው እስኪደርስ አልተኮሱም። ቃታው ሲወርድ ሰማሁ፤ ተኩስ ግን የለም። "አለቀልን" አልኩ። ያችን ያህል ዘግይቶ ጠመንጃው ጮኸ፣ ሸለቆውም ተቀበለው፤ ጭሱ ሽማግሌውን ዋጣቸው። ድኩላው ተገለበጠ፣ ተነሣ፣ እያነከሰ ወደ ጅረቱ ወረደና ወደቀ።

ቀድሞ የደረሰው አያ ሰይድ ነው። በዚያ ዕድሜው እንዴት እንደሚሮጥ! ቀንዱን ይዞ አንገቱን አዞረው፤ ቢላዋውን መዘዘ። እኔ ከማዶ ቆሜ የሚናገረውን ቃል እጠብቃለሁ። "ቢስሚላህ" ሲል ልሰማ ነው፤ ከዚያ እህቴን ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?

"ይመር!" ብሎ ጮኸ። "ቶሎ ና፣ ነፍሱ አለች! እረድ!"

ጋሼ ይመር እያለከለኩ ደረሱ። "ምን ትጠብቃለህ? ተራህ አይደለም እንዴ?"

"አራስ አለችህ!"

"አንተስ የለችህም? የእኔን የልጅ ልጅ በሕይወት ያቆየች የማን ልጅ ናት? እረድ እንጂ!"

"ወላሂ አላርድም!" አለ አያ ሰይድ።

"እኔም በማርያም አላርድም!" አሉ ጋሼ ይመር።

የሠሩት ነገር የገባቸው ያኔ ነው። ሁለቱም ማሉ፤ ከመሐላ ደግሞ ወደኋላ የለም። የያዙት ድኩላ ደሙ በጅረቱ እየወረደ፣ ዓይኑ እየደበዘዘ ነው። ከእንግዲህ ባሩድ የለም። ትንሽ ቆይቶ በክት ይሆናል፤ የሁለት አራሶች መረቅ በደግነት ሊሞት ነው!

"ኧረ ይሞታል!" ብዬ ጮህኩ። "ኧረ በሁለታችሁም አምላክ፣ ይሞታል!"

አያ ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ" አለ፣ "ያልማልከው አንተ ብቻ ነህ። ና!"

እንዴት ወርጄ እንደደረስኩ አላስታውስም። ሊጥ እንጂ ሥጋ ቆርጬ አላውቅም፤ ለፋሲካ ዶሮ እንኳ ለጎረቤት አስይዤ ነው የማሳርደው። ጋሼ ይመር የራሳቸውን ቢላዋ እጄ ላይ አኖሩ፤ የድኩላውን ራስ ወደ ምሥራቅ አዞሩልኝ። አያ ሰይድ ቀንዱን እንደያዘ ነው። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ብዬ አረድኩ። ድኩላው ተራገጠ፣ ደሙ በኃይል ፈሰሰ። ነፍሱ ነበረች። ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል ተነፈሱ።

ተንበርክኬ የአያ ሰይድን ጉልበት ልስም ስል ደም በነካው እጁ ትከሻዬን ይዞ አነሣኝ። "አፉ በለኝ፣ ላስጨንቅህ አልነበረም" አለ። እሱ ነው እንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቀኝ!

"የእንግዳ ተራ ነው ይሄ" አሉ ጋሼ ይመር ቆዳውን መግፈፍ ሲጀምሩ። "የሰይድ እንዳለ ነው፤ ድኝ ሲገኝ።" አያ ሰይድም ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ተስማምተው፣ ወደ ቤት እስክንደርስ ሲጣሉ የነበረው ተኩሱ ለምን ዘገየ በሚል ነው፤ አንዱ ባሩዱን፣ አንዱ ክብሪቱን እያሙ።

እሑድ

አስናቀች ትናንት ማታ መረቁን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ጭላጩ ጠጣች። ዛሬ ጠዋትም፣ ቀትርም። ዘይነብ ስትመጣ የማትበላውን ሥጋ አሻግራ አላየችም፤ ጎንበስ ብላ ልጁን አነሣች። ይህን ያየች እህቴ ከመደቡ ላይ ሆና ጠራችኝ።

"ደምሴ፣ ያ የጣሳው ቅቤ የታለ?"

"ለገንፎሽ ያልኩት?"

"ለእኔ መረቅ አለኝ። የቅቤውንና የዱቄቱን እኩሌታ ለእነ ዘይነብ ቤት ውሰድ። ገንፎ ተገንፍቶላት ስትበላ እዚያው ቆመህ እይ፤ ካልሆነ ለታናናሾቿ ነው የምታጎርሰው።"

ወሰድኩ፤ ቆሜም አየሁ። ዘይነብ እየሳቀችብኝ በላች። እናቷ ቅቤውን አሠሪዬ እንደሰጡኝ ሲሰሙ በሩ ላይ ቆመው ለእትዬ ሙሉ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቋቸው ለደሴዋ ሴት፣ ረጅም ዱዓ አደረጉላቸው።

ሰኞ ማለዳ፤ መመለሻ

ነጋዴዎቹ በመንገዱ ሲያልፉ ይጠሩኛል ተባብለናል። ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ጫማዬን አስሬ ተነሣሁ። ዘይነብ ከልጇ ጋር ማታ እዚሁ ነው ያደረችው፤ ሁለቱን ልጆች ሌሊት ለማጥባት እንዲመቻት። ልሰናበታቸው ወደ መደቡ ቀረብ አልኩ።

ዘይነብ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። እቅፏ ባዶ ነው። አስናቀች ተቀምጣለች። የራሷ ልጅ ጠግቦ ጭኗ ላይ ተዘርሯል፤ ጡቷን ይዛ የምትጠባው የዘይነብ ልጅ ናት። ወተቱ በሕፃኗ አገጭ ላይ ይወርዳል።

አያ ሰይድ ሊሸኘኝ መጥቶ ኖሯል፤ ከኋላዬ በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የተኛችውን ልጁን፣ ቀጥሎ እህቴን አየ።

"ልቀስቅሳት?" አለ፣ ግራ ገብቶት። "ልጆቹ እንዳይራቡ።"

"ተዋት፣ ትተኛ አያ ሰይድ" አለች አስናቀች ቀስ ብላ። "ለሁለቱም ይበቃል።"